የተደገመችው «ተ»

ወደ ዜና ክፍል የሚገባ ጀማሪ ሪፖርተር ሁሉ ውሎ አድሮ የሚያነሣት ጥያቄ አለች፦ የትናንቱን ዜና ይዘን ዛሬ የምንሠራው «ተከታይ ዘገባ» ነው ወይስ «የክትትል ዘገባ»? አንጋፋው አርታኢ ብዙውን ጊዜ «ያው ነው» ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን ያው ነው ብዬ አላልፍም። የአሜሪካ ጋዜጠኞች ለዚህ ሥራ «ፎሎ» የምትል ቃል አለቻቸው። ምንጯ «መከተል» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ነው፤ ሲጽፏት ግን አንዱን ኤልና መጨረሻ ያለውን ደብልዩ ገድፈው በአራት ፊደል ያስቀሯታል። ርእስንና አንቀጽንም በዚሁ ዓይነት በተሸራረፈ አጻጻፍ ይጠራሉ። እንዲህ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ ፊደል ለቃሚው ከዜናው ጋር ደባልቆ እንዳያትመው ይለያል። ሆኖም ይህች አጭር ቃል ሁለት ሸክም አለባት፦ ራስ የጀመሩትን ዜና መቀጠልም፣ ሌላ ጋዜጣ የቀደመበትን ዜና ተሯሩጦ መያዝም «ፎሎ» ይባላል።

እነሱ በአንድ ቃል የጠቀለሉትን አማርኛ በሁለት ይለየዋል። «ተከታይ» የወጣው «ተከተለ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ከፊት የሄደ አለ፣ እሱ ከኋላ መጣ፣ አለቀ። «ክትትል» የወጣው ግን «ተከታተለ» ከሚለው ነው። በአማርኛ የግሡ መካከለኛ ፊደል ሲደገም ድርጊቱም ይደጋገማል፤ አንድ ጊዜ የሰበረ ሰበረ፣ ደጋግሞ የሰበረ ሰባበረ፤ ቆረጠና ቆራረጠም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በ«ክትትል» ውስጥ የተደገመችው «ተ» ትርፍ አይደለችም፤ መመላለስን የምትናገረው እሷ ናት። «ተከታታይ»ን እንዳንወስድ ደግሞ «ተከታታይ ድራማ» ቀድሞናል።

ልዩነቱን በሥራ ለማየት ዋተርጌትን ማንሣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1972 ዋሽንግተን ውስጥ አምስት ሰዎች የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው ሲገቡ ተያዙ። ይህ ለብዙ ጋዜጣ የአንድ ቀን የፖሊስ ዜና ነበር። ዋሽንግተን ፖስት ግን ሰኔ 19 ከተያዙት አንዱ ለፕሬዚዳንት ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ የሚሠራ የጥበቃ ባለሙያ መሆኑን አወጣ። ነሐሴ 1 ደግሞ የዘመቻው የ25,000 ዶላር ቼክ ከሰርጎ ገቦቹ በአንዱ የባንክ ሒሳብ መግባቱን ጻፈ። ኒክሰን በዚሁ ጉዳይ ሳቢያ ሥልጣን የለቀቁት በ1974 ነው። ከተያዙበት ዜና ቀጥሎ የተጻፈውን ሁሉ «ተከታይ» ካልነው የቀን ተራውን ብቻ እንነግራለን፤ ያንዱ ቀን መልስ ለሚቀጥለው ቀን ጥያቄ እየሆነ መሄዱን ግን የሚናገረው «ክትትል» ነው።

«ክትትል» የቢሮ ቃል ነው፣ «ክትትልና ግምገማ» የሚለውን የሪፖርት ቋንቋ ያስታውሳል፣ ሲከፋም ሰላይ ሰላይ ይሸታል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ቃሉ ግን በጤና ጣቢያም ይኖራል፤ የእርግዝና ክትትል የያዘች እናት አንድ ጊዜ ታይታ አትሰናበትም፣ እስክትገላገል ትመላለሳለች። እኔ ለሙያችን የምወስደው ይህን ትርጉም ነው። ስሙ ምን ይጠቅማል፣ ያነሰን ሰውና በጀት ነው ለሚሉም መልስ አለኝ። የሰው ማነስ ጉዳዮችን እንድንመርጥ ያስገድዳል እንጂ ሁሉንም እንድንተው አይፈቅድም። በጠዋቱ ስብሰባ «ተከታይ ሥራ» የተባለ ሪፖርተር አዲስ መግለጫ ይዞ ይመለሳል፤ «ተከታተል» የተባለው ግን ትናንት ያልተመለሰውን ጥያቄ ይዞ ይወጣል።

ያ ጥያቄ የት እንዳለ መፈለግም አያደክምም። የአደጋ ዜናዎቻችን መዝጊያ «መንስኤው በመጣራት ላይ ይገኛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። እንደ ነጥብ ለምደነዋል እንጂ ቀጠሮ ነው፤ አንባቢውን የቀጠርነውም እኛ ነን። እኔን በዚህ ሙያ ያቆየኝ ከቀዳሚው ዜና ይልቅ ይህ ቀጠሮ ነው።