ፊሳልጎስና ታላቁ የባሕር አውሬ

ከግእዝ መጻሕፍት መካከል ስለ ባሕር ፍጥረት የሚናገር ሲፈለግ አስቀድሞ የሚነሣው ፊሳልጎስ ነው። ይህ መጽሐፍ በጽርእ ቋንቋ ተጽፎ በአክሱም መንግሥት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፥ የግእዙን ንባብ ፍሪትዝ ሆመል የተባለ የጀርመን ሊቅ በፈረንጆች ቍጥር በ1877 ዓመት በላይፕሲክ ከተማ አሳትሞታል። አጻጻፉ አጭርና ሥርዓት ያለው ነው፤ አስቀድሞ የእንስሳውን ጠባይ ይናገራል፥ ቀጥሎም ጠባዩን ለነፍስ ትምህርት ይተረጕመዋል።

ስለ ታላቁ የባሕር አውሬ መጽሐፉ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው፥ አውሬው በራበው ጊዜ አፉን ይከፍታል፤ ከአፉም መልካም ሽታ ስለሚወጣ ታናናሾቹ ዓሦች ተከትለው እየገቡ ይዋጣሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ መርከበኞች ጀርባውን ደሴት መስሏቸው መርከባቸውን ያስሩበታል፥ እሳትም ያነዱበታል፤ አውሬውም ሙቀቱ በተሰማው ጊዜ ወደ ጥልቁ ወርዶ መርከቡን ከነሰዎቹ ያሰጥማል የሚል ነው። ትርጓሜውም ሰይጣን በሚጣፍጥ ነገር ደካሞችን እንደሚያጠምድ፥ በእርሱም ተስፋ ያደረገ ሰው አብሮት እንደሚጠፋ ያስተምራል።

ይህን ክፍል ያነበበ የዘመናችን ተማሪ ሁሉንም ተረት ነው ብሎ ለመጣል ይቸኩላል። ነገር ግን ሁለቱን ቃሎች ለየብቻ መመርመር ይገባል። የደሴቱ ነገር በእውነት ተረት ነው። ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ቢባልም አጥቢ እንስሳ ነው፤ በሳንባ ይተነፍሳል፥ ደሙ ሙቅ ነው፥ ግልገሉንም ወልዶ ያጠባል። ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ መርከብ ታስሮበት እሳት እስኪነድበት ድረስ ጸጥ ብሎ አይቈይም። ከእንስሳት ሁሉ ታላቅ የሆነው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ እንኳ ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ነው።

የተከፈተው አፍ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። በ2011 ዓመት በካናዳ አገር በቫንኩቨር ደሴት አጠገብ፥ ጐባጣው ዓሣ ነባሪ የተባለው ወገን በውኃው ፊት አፉን ከፍቶ ጸጥ ብሎ ሲቈይ፥ ታናናሾቹ ዓሦችም መሸሸጊያ መስሏቸው ሲገቡበት ታይቷል። በታይላንድ ባሕረ ሰላጤም የብሪዴ ዓሣ ነባሪ የሚባለው ወገን እንዲሁ እንደሚያደርግ በ2017 ተጽፏል። በ2023 ደግሞ የአውስትራልያ ሊቃውንት ይህን ከጥንቱ የፊሳልጎስ ቃል ጋር አስተያይተው፥ የመጽሐፉ ነገር በዓይን ከታየ ሥራ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገለጡ።

እንግዲህ የፊሳልጎስ ጕድለት ውሸት መናገሩ አይደለም፤ የታየውንና የተወራውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ነው። አንባቢው የትኛውን መርከበኛ እንዳየው፥ የትኛውንም ሰው እንዳወራው የሚለይበት ምልክት አላገኘም። ምስጋናውም እንዲሁ ግልጥ ነው፤ ጠባይን ከትርጓሜ አስቀድሟል፥ ጥቂት በሆነ ቃልም ብዙ አስታውሷል።

ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ምርመራ ምን ይረባዋል የሚል ይኖር ይሆናል። በደሴ አጠገብ በገራዶ የሚያርስ ገበሬ ባሕርን ባያይም፥ ጨው ከአፋር ምድር ይመጣለታል፤ ያ ምድርም በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት እንደ ነበረ በደረቁ ምድር ላይ የሚገኘው የመርጃን ድንጋይ ምስክር ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓመተ ምሕረት ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፥ በመርከብ የመጣ ዕቃ በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ወጣቶች የባሕረኛነትን ሥራ እየተማሩ ወደ ውጭ አገር መርከብ ይሄዳሉ። ልጁን ወደ ውቅያኖስ የሚሰድድ አባት ስለዚያ ውኃ እውነተኛ ነገር ማንበብ ይገባዋል።

ስለዚህ ስለ ባሕር ለሕዝብ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከፊሳልጎስ አጭርነቱንና ሥርዓቱን ይውሰድ። በዓይን የታየውን ማን እንዳየው፥ የትና መቼ እንደ ታየ ይጻፍ፤ የተወራውን ተወራ ይበል፤ ትርጓሜውንም በስፍራው ያኑር። ሊቃውንቱም የግእዙን ንባብ ከአማርኛ ትርጕም ጋር ለተማሪው በቅርብ ቢያቀርቡለት፥ የታየው ከተወራው እንዴት እንደሚለይ ራሱ እያነበበ ይለማመዳል።