ሆንዳና ካዋሳኪ በመፍቻ ሚዛን

ስለ ሆንዳው ሲቢ 750 እና ስለ ካዋሳኪው ዚ1 ሞተር ብስክሌቶች የሚያወሩ ሰዎች ብዙዎቹ የሚናገሩት ከኮርቻ ላይ ሆነው ነው። የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ያምራል ይላሉ። እኔ የማውቃቸው ከሥራቸው ተንበርክኬ፣ እጄ ዘይት ነክቶት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደሩን፣ 736 ሲሲውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1968 ቶኪዮ ላይ ሲያሳይ ካዋሳኪም የራሱን 750 እየሠራ ነበር። ስለተቀደመ ሥራውን አቆይቶ ወደ 903 ሲሲ አሳደገውና በ1972 አወጣው። ጉልበቱ 82 ፈረስ ሆነ፤ የሆንዳው 67 ነው።

ልዩነቱ የሚገባው ቫልቭ ሲስተካከል ነው። በሆንዳው ትንንሾቹን ክዳኖች ፈትቶ፣ ዳዶውን አላልቶ፣ ብሎኗን በካቻቢቴ ማዞር ይበቃል። ባለቤቱ ራሱ ደጁ ላይ ሊሠራው ይችላል። ካዋሳኪው ሁለት ካምሻፍት አለው፤ ክፍተቱ የሚስተካከለው ሳንቲም በምታህል ክብ ብረት ውፍረት ነው። እሷን ለመቀየር ልዩ መሣሪያና በየውፍረቱ የተለያየ ብረት ያስፈልጋል። የሚፈለገው ውፍረት ከሣጥኑ ከጠፋ ሥራው ይቆማል። ደግነቱ አንዴ ከተስተካከለ ቶሎ አይዛባም።

ቴስታታ መፍታት ከመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሆንዳው የላይ ክዳን እንዳይወጣ ሻሲው ስለሚያግደው፣ ለአንዲት ለምታፈስ ጓርኒሲዮን ሲባል ሞተሩ በሙሉ ይወርዳል። ያንን ክብደት ብቻውን ያወረደ ሰው ወገቡ ይመሰክራል! በካዋሳኪው ሞተሩ በቦታው እያለ ቴስታታውም ሲሊንደሩም ይነሣል። አንደኛው የተነደፈው ለሚነዳው፣ ሁለተኛው ደግሞ ፈታትቶ ጉልበት ለሚጨምርበት ሰው ይመስለኛል።

ክራንክሻፍቱም ይህንኑ ይናገራል። የሆንዳው አንድ ወጥ ብረት ሆኖ በስስ ቡሽ ላይ ስለሚዞር ንጹሕ ዘይትና በቂ ግፊት ይፈልጋል። የካዋሳኪው በፕሬስ የተገጣጠመና በሮለር ኩሽኔታ ላይ የሚዞር ስለሆነ ብዙ በደል ይችላል፤ ካለቀ ግን ተራ ጋራዥ አያድነውም።

አራቱን ካርቡራተር ማመጣጠን በሁለቱም እኩል ያደክማል። ያለ ቫክዩም መለኪያ፣ በጆሮዬ አስተካክላለሁ የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ዚ1 በከፍተኛ ፍጥነት ይዋዥቃል መባሉ እውነት ነው፤ ሻሲው ለሞተሩ ጉልበት አይመጥንም። ሆኖም ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የሚያብሰው የኋላ ሹካው ያለቀ ቡሽ ነው።

ለእኔ ሆንዳው ይበልጣል፤ ሞተር በዓመት አንዴ ሳይሆን በየወሩ የሚዳሰስ ነገር ነውና። የምትገዙ ካላችሁ፣ ሆንዳ ከሆነ ከቴስታታው ሥር የዘይት ወዝ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ካዋሳኪ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አስነሥታችሁ ከታች የሚመጣውን ድምፅ አድምጡ፤ የሚያጉረመርም ከሆነ ዋጋውን አትከራከሩ፣ ተዉት።