ዋጋ ስለሚባለው ቃል አጭር ሐተታ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፥ በምዕራፍ 6 ቍጥር 20ና በምዕራፍ 7 ቍጥር 23፥ ምእመናን በዋጋ የተገዙ መሆናቸውን ሁለት ጊዜ ያሳስባል። ይህን ቃል በሆሣዕናና በዱራሜ፥ በሾኔና በአንጋጫ የሚያስተምር ሰው ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ሐተታ አንብቦ በአማርኛ ይናገራል፤ ሰሚውም የሰማውን በልቡ ወደ ሐዲይኛ ወይም ወደ ከምባትኛ ይመልሰዋል። ሦስት ደጅ አልፎ የሚገባ ቃል በየደጁ ጥቂት ጥቂት ይለወጣል። ስለዚህ ዋጋ የሚባለው ቃል በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሸከም፥ በአማርኛም ምን እንደሚሸከም መርምሮ መለየት ለመምህርም ለሰሚም የሚገባ ሥራ ነው።

እንግሊዞች ዋጋን «ፕራይስ» ይሉታል። ቃሉ ከሮማይስጥ «ፕሬትዩም» በፈረንሳይ ቋንቋ በኩል የወረደ ነው፤ ከዚያው ከአንዱ ግንድ ሦስት ቅርንጫፍ ወጥቷል፤ ፕራይስ ዋጋ፥ ፕራይዝ ሽልማት፥ ፕሬይዝ ምስጋና። በኋላ ግን ሦስቱ ተለያዩና ፕራይስ ከገዢ እጅ ለሚወጣው ቀረ፤ የሠራተኛ ደመወዝ፥ የደግ ሥራም ብድራት ሌላ ሌላ ስም አለው። በምሳሌ ሲነገርም ይህን ጠባዩን አይተውም። መከራ ተቀብሎ አንድ ነገር ያገኘ ሰው ዋጋውን ከፈለ ይባላል፤ የሚታደን ሽፍታ በራሱ ላይ ዋጋ ተቈርጦበታል ይባላል፤ በጉቦ የሚደለል ሰው የራሱ ዋጋ አለው ይባላል። በሁሉም ውስጥ ከአንዱ እጅ የሚወጣ ነገር አለ።

አማርኛ ግን እንዲህ ብቻ አይደለም። ዋጋ በገበያ ይጠራል፥ ይቈረጣል፥ ይሰበራል፤ ይህ የገዢው ወጪ ነው። ነገር ግን በጎ ያደረገልንን ሰው እግዚአብሔር ዋጋህን ይክፈልህ ብለን እንመርቀዋለን። እንዲህ ስንል መከራ ይምጣብህ ማለታችን ነውን? አይደለም፤ ብድራትህን ተቀበል ማለታችን ነው። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ቍጥር 12 የተሰደዱት በሰማይ የሚቀበሉት፥ በምዕራፍ 10 ቍጥር 42ም ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ሰው የማያጣው፥ በአማርኛው መጽሐፍ ዋጋ ተብሏል። በጽርእ ግን ይህ «ሚስቶስ» ሲሆን ሐዋርያው የተገዛችሁበት ያለው «ቲሜ» ነው። ግዕዝም ዐስብና ሤጥ ብሎ ይለያቸዋል። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቍና ይሰፍራል።

ከዚህ የተነሣ ፊተኛው ስሕተት ይመጣል። በዘመናችን ስለ እውነት የታሰረውን፥ ስለ አገሩም የሞተውን ሰው «ዋጋ ከፈለ» ማለት ተለምዷል፤ አነጋገሩ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው። የቀደመውን አማርኛ ይዞ ያደገ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ፥ ለማን ከፈለ? ስለ ምን ሥራ? ብሎ ይጠይቃል። መከራ ተቀበለ፥ ደሙን አፈሰሰ ማለት እያለ፥ ነገሩን በገበያ ቃል መናገር ሰማዕቱን ነጋዴ ያስመስለዋል። ከፍሎ የሚገዛ ሰው ልኩን ያውቃል፤ ሰማዕት ግን ልክ አልጠየቀም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከፋል። እንግሊዞች «ፕራይስለስ» የሚሉት ቃል በቁሙ ሲፈታ ዋጋ የሌለው ማለት ነው፤ ትርጓሜው ግን እጅግ የከበረ ነው። በአማርኛ ዋጋ የሌለው፥ ዋጋ ቢስ የሚባለው የተናቀና የማይረባ ነገር ነው፤ የከበረውንስ ዋጋ የማይተመንለት እንለዋለን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 55 ቍጥር 1 የተጠሙትን ያለ ዋጋ ወይንና ወተት እንዲገዙ ይጠራል። በገበያ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ዕቃ ነውር እንዳለበት ይጠረጠራልና፥ ሰሚው ስጦታውን እንዳይንቅ መምህሩ ሊያስረዳው ይገባል። ነቢዩ ውሰዱ ብቻ ሳይል ግዙ ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ድሀው እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ባለ ገንዘብ በክብር እንዲቀርብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መገዛት የሚለው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ የሚሸምተውና የሚያስተዳድረው በሁለት ቃል ይለያሉ። በአማርኛ ገዛ ማለት በገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ አንድም አገር አስተዳደረ ማለት ነው፤ የግዕዙ እግዚእም የዚሁ ዘር ዘመድ ነው። ሐድያና ከምባታ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ጦር ከተያዙ በኋላ ገበሬው ገባር ሆኖ ለባለ መሬቱ ሲያርስና ሲገብር ኖሯል። እንግዲህ የዚያ ገባር የልጅ ልጅ በዋጋ ተገዝተሃል ሲባል፥ ደግሞ ማን ሊገዛኝ ነው? ቢል ይፈረድበታልን?

የሰው ዋጋም በዚህ አገር ምሳሌ ብቻ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዐረባዊ ሊቅ አል ዑመሪ፥ ከዛሬው ይልቅ ሰፊ በነበረው በሐድያ የሚነገድበት ገንዘብ «ሐኩና» የሚባል የብረት ቍራጭ እንደ ነበረ፥ የተሰለቡ ባሮችም ወደዚያ ይመጡ እንደ ነበረ ጽፏል። ንግሥት እሌኒን የሰጠ አገር በባሪያ ንግድም ስሙ ይነሣ ነበር። ባርነትን የሚያጠብና የሚያስቀር ዐዋጅ በ1916 ዓ.ም. እና በ1923 ዓ.ም. ወጣ፤ ፈጽሞ የሚሽረው ዐዋጅ የታወጀ ግን ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

መጽሐፍም ከቁሙ ተነሥቶ ወደ ምሳሌው ይሄዳል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ቍጥር 32 በሬ ወግቶ ለገደለው ባሪያ ለጌታው የሚከፈለው 30 ሰቅል ብር ነው። በዘካርያስ ምዕራፍ 11 ለእረኛው የተመዘነለት ደመወዝ ይኸው 30 ነው፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 27ም የደም ዋጋ የተባለው ይኸው 30 ነው። የባሪያውን ዋጋ ያላወቀ አንባቢ ንቀቱን አያስተውልም።

የአገራችን ሰው ግን ነጻ ለሆነ ሰው ዋጋ የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ አላዋለውም። ለገደለው ሰው ወገን የሚከፍለውን ካሣ ይለዋል፤ ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚያመጣውን ጥሎሽ ይለዋል። እንግሊዞች ግን እንዲህ ያለውን የጋብቻ ስጦታ የሙሽራ ዋጋ ብለው ጠሩት፤ ይህ ስም ሴቲቱን የተሸጠች ያስመስላል በማለት ከእነርሱ ወገን ሊቁ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ስሙ እንዲለወጥ ጻፈ። ከሸጡ በኋላ ዝምድና የለም፤ ካሣና ጥሎሽ ግን ዝምድናን ያድሳሉ፥ ይጀምራሉም።

እንግዲያስ በዋጋ መገዛት የሚለውን ቃል እንተወውን? አንተወውም፤ ሐዋርያው ራሱ ፈትቶታልና። በምዕራፍ 7 ከባሮች ጋር ሲነጋገር፥ ስለ ዋጋው ካሳሰበ በኋላ ወዲያው የሰው ባሮች እንዳይሆኑ ያዝዛል። ስለዚህ ዋጋው ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ የሰው ጌታ የሚያዛውር ሽያጭ ሳይሆን የምርኮኛ ማስለቀቂያ ነው፤ ይህንም ግዕዝ ቤዛ ይለዋል፥ አማርኛም ወርሶታል። ደግሞ ቲሜ የተባለው የጽርእ ቃል ዋጋም ክብርም ማለት ነው፤ እኛም የከበረ ደንጊያ፥ የከበረ ሰው ስንል በአንድ ቃል ሁለቱን እንናገራለን። በዋጋ የተገዛ ማለት እንግዲህ ክብር የተሰጠው ማለት ይሆናል።

መምህር ሆይ፥ በሆሣዕና ወይም በዱራሜ ይህን ምዕራፍ ስታነብ ከቍጥር 23 እኩሌታ ላይ አትቁም። ፊተኛውን እኩሌታ ብቻ የሰማ ሰው የአያቱን ገበያ ያስባል፤ ሁለተኛውን የሰማ ግን የአያቱ ሰንሰለት እንደ ተፈታ ያውቃል።