የሠላሳ ሁለቱ ነጥቦች ጥበብ

በስልክ መስመር ኢንተርኔት የከፈተ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም። መጀመሪያ የመደወያው ቃና፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም ፉጨት፣ ከዚያ ጆሮ የሚሞላ ሹሹታ፤ በመጨረሻ ዝምታ። በአገራችንም ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሰው ቤትና ቢሮ የገባው በዚሁ በስልክ ሽቦ ነበር። አብዛኞቻችን ድምፁን እንደ ጫጫታ ቆጥረን ድምፅ ማጉያውን ዘጋነው። እኔ ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች ከሠሯቸው ረቂቅ ሥራዎች አንዱ እሱ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ያሳልፋል፤ ከዚህ በታችና በላይ ያለውን ያስቀራል። ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው ዜሮና አንድን ነው። የኮምፒውተሩን የኤሌክትሪክ ምት እንዳለ በዚህ ሽቦ ቢሰዱት ቅርፁ ፈርሶ ይደርሳል። ስለዚህ ቢቱን ወደ ድምፅ ለውጦ የሚልክ፣ በወዲያኛው ጫፍም ከድምፅ ወደ ቢት የሚመልስ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሞደም ሥራው ይኸው ነው።

በ1962 የወጣው ቤል 103 ሥራውን በቀላሉ ተወጣው። ደዋዩ ለአንድ 1,270፣ ለዜሮ 1,070 ኸርዝ ያሰማል፤ ተቀባዩ ለአንድ 2,225፣ ለዜሮ 2,025። ሁለቱ በተለያየ የድምፅ ወለል ላይ ስለሆኑ እኩል ሲናገሩ አይጋጩም። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 300 ቢት ብቻ ነበር።

ፍጥነት ለመጨመር ድምፁን ቶሎ ቶሎ መቀያየር አይቻልም፤ መስመሩ ጠባብ ነው። የቀረው መንገድ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ብዙ ቢት መጫን ነው። ሞገድ ሁለት የሚያዝ ነገር አለው፤ ጉልበቱና ፌዙ፣ ማለትም በዙሩ ውስጥ የሚነሳበት ቦታ። ሁለቱን በወረቀት ላይ ብናሰፍራቸው እያንዳንዱ ጥምረት አንድ ነጥብ ይሆናል፤ ከመሐል ያለው ርቀት ጉልበቱን፣ አቅጣጫው ፌዙን ያሳያል። 16 ነጥቦች ካሉን አንዱን ነጥብ መምረጥ አራት ቢት መናገር ነው። በሰከንድ 2,400 ጊዜ ከመረጥን 9,600 ቢት አገኘን። ተሸካሚው ሞገድ 1,800 ኸርዝ ስለሆነ ከአንዱ ምርጫ እስከሚቀጥለው ሞገዱ የሚሄደው ሦስት አራተኛ ዙር ነው። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ አራት ቢት ይጫንበታል።

ችግሩ ያለው በመንገድ ላይ ነው። መስመሩ የራሱ ጫጫታ አለው፤ የተላከው ነጥብ ጥቂት ተገፍቶ ይደርሳል። ነጥቦቹ ከተቀራረቡ ተቀባዩ አንዱን በጎረቤቱ ይሳሳታል። እንዳይቀራረቡ ማስፋት ደግሞ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ በስልክ መስመር ላይ የሚፈቀደው ጉልበት የተወሰነ ነው።

እዚህ ላይ በዙሪክ የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ጎትፍሪድ ኡንገርቦክ መጣ። ሐሳቡን በ1976 አቀረበ፤ ሙሉ ጽሑፉን በ1982 አሳተመ። ያደረገው ነገር ሲሰሙት የተሳሳተ ይመስላል። ነጥቦቹ ተቀራረቡ ተብሎ በሚታማው ሥዕል ላይ ሌላ ጨመረበት፤ ከ16 ወደ 32 አደረሳቸው። ጉልበቱ ሳይጨምር ጎረቤታሞቹ ይበልጥ ተጠጋጉ። ጥበቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

32ቱን ነጥቦች አንዱን ይዞ አንዱን እያለፈ ለሁለት ከፈላቸው። በየወገኑ በቀሩት 16 ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 1.4 እጥፍ ሆነ። ደግሞ ለሁለት ከፈላቸው፤ ስምንት ስምንት ሲሆኑ ርቀቱ 2 እጥፍ ደረሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈላቸው፤ ስምንት ቡድኖች፣ በየቡድኑ አራት ነጥቦች፣ ርቀታቸው 2.8 እጥፍ። ከሚላኩት አራት ቢቶች ሁለቱ ያለፈውን በሚያስታውስ ኢንኮደር አልፈው ሦስት ይሆኑና ቡድኑን ይመርጣሉ። የቀሩት ሁለቱ በቡድኑ ውስጥ ካሉት አራት ነጥቦች አንዱን ይመርጣሉ። ኢንኮደሩ ካለበት ከየትኛውም ቦታ ከስምንቱ ቡድኖች ወደ አራቱ ብቻ ይኬዳል፤ አራቱ ዝግ ናቸው። ተቀባዩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ ብቻውን አይዳኝም፤ ጥቂት ታግሦ የመጡትን ነጥቦች በተርታ ያይና ከተፈቀዱት መንገዶች ለመጣው የሚቀርበውን ይመርጣል። የመምረጫው ስሌት አንድሩ ቪተርቢ በ1967 ያሳተመው ነው። በመጨረሻ የተገኘው ትርፍ 4 ዴሲቤል ያህል ነው፤ መስመሩ 2.5 እጥፍ የበዛ ጫጫታ ይችላል ማለት ነው። አንድ ዋት አልተጨመረም፤ ሽቦውም አልተለወጠም።

ሊ-ፋንግ ዌይ የተባለ መሐንዲስ ደግሞ በዚህ ላይ ያልታየ ጉድለት ሞላ። ተቀባዩ ሥዕሉ ሩብ ዙር ቢዞርበት ማወቂያ የለውም፤ ነጥቦቹ ዞረውም ያው ይመስላሉ። ዌይ ኮዱን ሩብ ዙር ቢዞር እንኳ ንባቡ እንዳይበላሽ አድርጎ ቀረጸው። በ1984 ቪ.32 ተብሎ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀበለው ይህን ነው።

አሁን ድምፁን እንስማው። ረጅሙ ፉጨት 2,100 ኸርዝ ነው፤ በየ450 ሚሊሰከንዱ ፌዙ ይገለበጣል። ይህም በመንገድ ላይ ላሉት የስልክ ኩባንያ የገደል ማሚቶ ማጥፊያዎች «ዝም በሉ፣ ይህን እኛው እንይዘዋለን» የሚል ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሞደም የራሱን ድምፅ ልኮ እንዴት እንደሚመለስለት ያጠናል፤ ሁለቱ በአንድ ሽቦ፣ በአንድ ወለል ላይ እኩል ስለሚናገሩ የራሱን ድምፅ ቀንሶ የሌላውን መስማት አለበት። በ1994 በወጣው ቪ.34 ላይ ደግሞ ከ150 እስከ 3,750 ኸርዝ የተሰደሩ 21 ቃናዎች በአንድ ላይ ይላካሉ፤ የትኛው ደክሞ፣ የትኛው ጠፍቶ እንደደረሰ ይለካል። የአገር ቤት ሰላምታ ነው፤ ከጉዳዩ በፊት ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ማሳው አንድ በአንድ ይጠየቃል። ልዩነቱ ሞደሙ በመልሱ ልክ አነጋገሩን ማስተካከሉ ነው።

ቪ.34 በ1996 ሲሻሻል 33,600 ቢት ደረሰ፤ ብዙዎችም ጣሪያው ይኸው ነው አሉ። ምክንያትም ነበራቸው። የስልክ ማዕከሉ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካና እያንዳንዱን ልክ ከ256 ደረጃዎች ወደ አንዱ ያጠጋጋዋል፤ በማጠጋጋቱ የሚጠፋው ነገር ጫጫታ ይሆናል። በ1998 የወጣው ቪ.90 ሠሪዎች ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። የኢንተርኔት አቅራቢው ከማዕከሉ ጋር የተገናኘው በዲጂታል መስመር ነው፤ ከእሱ ወደ ደንበኛው ሲኬድ የሚጠጋጋ ነገር የለም። ስለዚህ እነዚያኑ ደረጃዎች ራሳቸውን ፊደል አደረጓቸው። ለዜሮ የቀረቡት ደረጃዎች እጅግ ስለሚጠጋጉ ስምንቱን ቢት ትተው ሰባቱን ያዙ፤ 8,000 በ7 ሲባዛ 56,000 ሆነ። ትናንት ጠላት የነበረውን መሣሪያ አደረጉት።

የስልክ ሞደሙ ዛሬ ከሞላ ጎደል ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ሥራው ግን አልወጣም። በቢሮ ግድግዳ ውስጥ ያለው የጊጋቢት ኢተርኔት ገመድ የኡንገርቦክን ጥበብ በአራት ጥንድ ሽቦዎች ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ዋይፋይ 6 በአንድ ምልክት እስከ 1,024 ከሚደርሱ ነጥቦች አንዱን ይመርጣል፤ በእጃችን ያለው የ4ጂ ስልክም የዚያኑ ዓይነት የነጥቦች ሥዕል ይጠቀማል።

ስለዚህ ቴሌኮሙኒኬሽን ለምታስተምሩም ለምትማሩም አንድ ልመና አለኝ። ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት 32ቱን ነጥቦች በእርሳስ ሥሏቸው፤ ሦስት ጊዜ ክፈሏቸው፤ በየክፍፍሉ ርቀቱን በማስመሪያ ለኩት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሥራው ምን ያህል ውብ እንደሆነ የሚገባው በእጅ ሲሠራ ነው።