የመንገድ ዳር ምልክት በሌሊት ለማን ይታያል?

በሌሊት መኪና መንዳት ስለሚያስከትለው አደጋ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መድኃኒት አንድ ነው፤ ይኸውም በመንገዱ ዳርና ዳር ያሉት ምልክቶች ጎልተው እንዲታዩ ማድረግ ነው። ሐሳቡን በመሠረቱ አንቃወምም። ነገር ግን «ጎልቶ መታየት» ማለት ከምን ያህል ርቀት፣ በምን ብርሃንና ለማን ዓይን እንደ ሆነ ሳይመረመር፣ ቀለም መቀባትና ምሰሶ መትከል ብቻውን እንደ ሙሉ ሥራ መቆጠሩን ልንቀበለው አልቻልንም። ስለዚህ ይህን ልማድ በሦስት ነጥብ ከፍለን እንተቸዋለን፤ ለምሳሌም ሸጎሌን እንወስዳለን።

ሸጎሌ በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ በቁም ከብት ገበያው የታወቀ፣ የከተማ አውቶቡሶች ማደሪያም ያለበት ሰፈር ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው፣ ከብት ነጂውና እግረኛው በአንድ መንገድ ይጠቀማሉ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ጨለማው የሚወርደው ሠራተኛውና ተማሪው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት ነው ማለት ነው። በዚህች ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው የታወቀ ስለሆነ፣ የማናቸውም ምልክት ዋጋ መመዘን ያለበት ለነጂው በሚሰጠው ምቾት ብቻ ሳይሆን ለእግረኛው በሚያስገኘው ጥቅም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ነጥባችን ስለ ቀለም ነው። ኖራ ወይም ተራ ነጭ ቀለም የተቀባ የጠርዝ ድንጋይ በቀን ያማረ ነው። በሌሊት ግን የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል እንጂ ወደ ነጂው አይመልሰውም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በድንጋዩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። አሁን ሒሳቡን እንመልከት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አይቶ፣ አስቦ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ መንገድ ቀያሾች 2.5 ሴኮንድ ይመድቡለታል፤ ይህ ብቻውን 35 ሜትር ነው። መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ሲጨመርበት ጠቅላላው 65 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሆነም 130 ሜትር። በአጭር መብራት ግን ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ተራ ቀለምም ቢሆን አቧራ ሲለብስ ከዚህ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ ምልክቱ አለ ይባላል እንጂ በሚያስፈልግበት ርቀት ላይ የለም።

ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልሰው ሌላ ዓይነት ምልክት ነው። ይህ በጥቃቅን የመስተዋት እንክብሎች ወይም በጥቃቅን ባለ ማዕዘን መስተዋቶች የተሠራ ሲሆን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የመንገዱ መብራት በሚጠፋበት ሌሊትም ያገለግላል። እንግሊዛዊው ፐርሲ ሾው እ.ኤ.አ. በ1934 መብቱን ያስመዘገበበት «የድመት ዓይን» የዚሁ ወገን ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ሰው ብልኀት በመስተዋቱ ብቻ አይደለም። ጎማ ሲረግጠው መስተዋቱ ወደ ታች ገብቶ በላስቲክ እንዲወለወል አድርጎ ሠራው፤ ጽዳቱን ከዕቃው ጋር አብሮ አሰበለት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥባችን ይህን አንጸባራቂ የሚመለከት ነው። የተመለሰው ብርሃን ተሰብስቦ የሚሄደው ወደ መኪናው መብራት ነው፤ የነጂው ዓይን ደግሞ ከመብራቱ በላይ ነው። በትንሽ መኪና ውስጥ በዓይንና በመብራት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሲሆን፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ላይ ግን ይበዛል። ስለዚህ ሌላው ነገር እኩል ሲሆን አንዱ ምልክት ለባለ ትንሹ መኪና ደምቆ ሲታይ ከፍ ብሎ ለተቀመጠው ሾፌር ደብዝዞ ይታያል። ምልክቶችን በትንሽ መኪና ተዘዋውሮ «ደኅና ናቸው» የሚል ተቆጣጣሪ፣ አውቶቡሶች ተመላልሰው በሚያድሩበት በሸጎሌ የተሳሳተ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። ዝናብም ሌላ ፈተና ነው። በአስፋልት ላይ የተጋደመ መስመር ውሃ ሲለብስ እንክብሎቹ ብርሃን መመለሳቸው ይደክማል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ግን ውሃ ስለማይቋጥር ይሻላል። የቆመውም ቢሆን በክረምት ጭቃ ይረጭበታል፣ በበጋ አቧራ ይለብሳል። እንግዲያስ የሚተክለው መሥሪያ ቤት የሚያጥበውን ሰው አብሮ ካልመደበ ሥራው ግማሽ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የከበደ ነው። በፊንላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት፣ ጠባብና ጠመዝማዛ በሆኑ መንገዶች ዳር አንጸባራቂ ምሰሶ ሲተከል በጨለማ የሚነዱት ሰዎች ፍጥነት መጨመሩንና አደጋውም መብዛቱን አሳይቷል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ መንገዱ ወለል ብሎ የታየው ነጂ እግሩን ከነዳጁ ላይ አያነሣም። ምሰሶው የመንገዱን ጠርዝ ያሳየዋል፣ በጠርዙ ላይ የሚሄደውን ሰው ግን አያሳየውም። በፊንላንድ ገጠር የሆነው ሁሉ በሸጎሌ ይሆናል አንልም። ነገር ግን እግረኛና ከብት በሚበዛበት ስፍራ ይህን ማስጠንቀቂያ አልፎ መሄድ አይገባም።

«ታዲያ መንገዱ ይጨልም ትላላችሁን?» የሚለን ሰው ይኖር ይሆናል። አንልም። የምንለው አንጸባራቂው በመንገዱ ሁሉ ከመደርደር ይልቅ አደጋ ባለበት፣ ማለት በመታጠፊያ፣ በድልድይ ጫፍና ክፍት ቦይ ባለበት ይተከል፤ ሰው በሚበዛበት ግን አስቀድሞ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ፍጥነት መቀነሻ ይቅደም ነው።

ይህንንም በክርክር ብቻ መተው አያስፈልግም። ጥቂት ተማሪዎች፣ አንድ የመለኪያ ሜትርና አንድ ደብተር ይበቃሉ። በሸጎሌ መንገድ ላይ ያለው እያንዳንዱ ምልክት በ65 ሜትር ርቀት በአጭር መብራት፣ አንድ ጊዜ ከትንሽ መኪና፣ አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ወንበር ይታይ፤ በደረቅና በዝናብ ሌሊትም ይደገም። የትኛው እንደ ታየ፣ የትኛው እንዳልታየ ይጻፍ። እንዲህ ያለው መዝገብ ለከተማው የመንገድ ሠራተኞች ቢቀርብ የትኛው ይታጠብ፣ የትኛው ይለወጥ፣ የትኛውስ ቀድሞ መተከል አልነበረበትም የሚለውን ለመወሰን ከማናቸውም አጠቃላይ ምክር ይልቅ ይረዳቸዋል።