የላሊበላ የብራና መጻሕፍትና አዲሱ የንባብ ቤት

ስለ ላስታ በተነገረ ጊዜ የሰው ሐሳብ ወዲያውኑ ወደ ዐለቱ ይሄዳል። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዓለምን ያስደነቁ ስለ ሆኑ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን በእነዚያው አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ከዐለቱ የማያንስ ሀብት አለ፤ እርሱም የብራናው መጽሐፍ ነው። የቀድሞው የመንግሥት መዝገብ እንደ ዛሬው የመሥሪያ ቤት ፋይል ለብቻው የሚቀመጥ አልነበረም። ንጉሡ ለቤተ ክርስቲያን መሬት ሲሰጥ፣ ቃሉ ይጸና ዘንድ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። በቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል የሚገኘው የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ ለዚህ ምስክር ነው። ወንጌሉን የሚሳለም ምእመን የአገሩንም መዝገብ እንደሚሳለም ምናልባት አያስበውም ይሆናል።

ይህ ወንጌልና ሌሎች የላሊበላ መጻሕፍት ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተካሄደው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥተዋል። የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀር፣ ሌላው በአሜሪካ፣ በሚኔሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ሆነው ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ዛሬ ከፊልሙ ብዙው ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጦ፣ ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ያነበዋል። ቀድሞ ባሕር ማዶ መሻገር ይጠይቅ የነበረው ነገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቅረቡን እኛ በአድናቆት እንቀበለዋለን።

ሆኖም ምስጋና ሂስን አይከለክልም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው ለይቶ በቀይ የጻፈው ስም ደብዝዞ ወይም ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። ቀለም ለይቶ ማንበብ ከልጅነቱ ለተማረ ደብተራ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን የንባብ ቤቱ መምሪያ በእንግሊዝኛ መሆኑና መጽሐፉ የሚታወቀው በደብሩ ሳይሆን በቁጥሩ መሆኑ ነው። ግእዙን ጠንቅቀው የሚያውቁ መሪጌታ ደጃፉ ላይ ይቀራሉ፤ ግእዝ ገና በመማር ላይ ያለ የውጭ አገር ተማሪ ግን ሰተት ብሎ ይገባል።

የገድለ ላሊበላ ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከተወሰዱት መጻሕፍት ጋር ወደ ለንደን ሄዶ፣ ከዚያው ቅጂ ፔሩሾን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1892 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከፍሎ አሳተመው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ መጻሕፍት ብዙዎቹን በኢንተርኔት አውጥቶ ነበር፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ስለ ተጠቃ፣ ምስሎቹ ለብዙ ወራት ከአንባቢ ተሰወሩ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ለንደን ቢከፍትም የላስታ ሰው መግባት ባልቻለ ነበር።

ካህናቱ ምስሉ ሌባ ይጠራል ብለው ቢሠጉ አይፈረድባቸውም፤ የአፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. መሰረቁን አልረሱም። ሆኖም መልኩ የታወቀ ዕቃ ለመሸጥ እንደሚያስቸግር የዚያው መስቀል መመለስ ያሳያል።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ምስሎቹ በኢንተርኔት ብቻ እንዳይቀሩ፣ ቅጂያቸው በራሱ በላሊበላ ለካህናቱና ለተማሪዎቹ እንዲቀመጥ፣ ዝርዝሩም በአማርኛ ተጽፎ የመሬቱ ስጦታ በየትኛው ቅጠል እንዳለ እንዲያመለክት ነው። ለመጀመሪያው የሚበቃው አንድ ኮምፒዩተር፣ ግእዝ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛና የደብሩ ፈቃድ ነው።