የሰው ፊት እሳት ነው

አዲስ አበባ ውስጥ አቅመ ደካማ አረጋውያንን በምትረዳ ትንሽ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። ክረምት ሳይገባ የሚያፈሱ ጣራዎችን እንቀይራለን፤ ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ የምናሰባስብባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች የምሠራው እኔ ነኝ። መሣሪያዬ አንድ ስልክ፣ ደረት ላይ የሚሰካ አንድ ትንሽ ማይክ እና አንድ ትራይፖድ ነው።

ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ቤት ገብቼ ስለሞቱባቸው ልጆች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አለቀሱ። እንባቸው ሲወርድ ስልኬን አስጠጋሁ፤ በኋላም የዋሽንት እንጉርጉሮ ጨመርኩበት። ገንዘቡ መጣ፤ ጣራውም ተቀየረ። ከወራት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ግን ጎረቤት ሄደው ቡና መጠጣት ትተዋል። «ልጄ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳለቅስ አየኝ» አሉኝ። «ያን ቀን ያለቀስኩት ላንተ ብቻ መስሎኝ ነበር።» ቪዲዮውን ከማኅበራችን ገጾች አጠፋሁት፤ ከሰው ስልክ ላይ ግን ማጥፋት አልቻልኩም።

«የሰው ፊት እሳት ነው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ካሜራ ያንን አንድ ፊት ሺህ ፊት እንደሚያደርገው የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መመዘኛ አለኝ፦ የታሪኩ ባለቤት ቪዲዮውን ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣ ሊያየው ይችላል ወይ? የማይችል ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል ብር ቢያመጣ አይወጣም።

ይህን እሳት እንደ አገርም እናውቀዋለን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ተላለፈ። ዓለም ደነገጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ለረሃቡ ገንዘብ አሰባሰበ። ያ ቀረጻ የሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን የምክድበት አንደበት የለኝም። ግን በዚያ ሜዳ ላይ የታዩት ሰዎች አራሾች፣ ፈታዮች፣ የልጅ አባትና እናት ነበሩ፤ ዓለም ያወቃቸው በመራባቸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሰው አገር ስንቱ ኢትዮጵያዊ ስሙን ሳይናገር ስለ ረሃብ ተጠይቋል! የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ እርዳታ ምስሎች የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቁትም ይህን የመሰለው አቀራረብ ብዙ ካሟገታቸው በኋላ ነው።

ሌላ ምሳሌም አለን። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ረሃብን በዓይናቸው አዩ፤ የያዙትን ዳቦና ጸበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሲመለሱም ወላጅ ያጡ ሁለት ሕጻናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ዳቦው ይታየዋል፣ ጸበሉ ይታየዋል፣ ሁለቱ ሕጻናት ይታዩታል። ታሪኩ የቆመው እሳቸው ባደረጉት ነገር ላይ ነውና ካሜራ አላስፈለገውም። እኔም ሰው ቤት ስገባ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ያ ሰው በችግሩ መሐል በእጁ ምን እየሠራ ነው?

አንድ ግንቦት ላይ ፈትል ፈትለው የሚያድሩ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። አቦል ላይ ስልኬን ከኪሴ አላወጣም። ቶና ላይ አውጥቼ የት እንደሚታይ እነግራቸዋለሁ፦ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ የእድሩ ሰዎች ያዩታል፣ ጅዳና ዋሽንግተን ያሉት የሰፈሩ ልጆችም ያዩታል። «እሺ» ካሉኝም በኋላ በረካ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። በእንግዳ ፊት ቶሎ የሚባል «እሺ» ብዙውን ጊዜ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታው ወርዶ እውነተኛው መልስ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ችግራቸው አልጠየቅኋቸውም። «እማማ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። ተነሥተው አሳዩኝ። ሁለት ሳፋ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ጆግ፣ አንድ ባዶ የቀለም ጣሳ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። «ይቺ ቶሎ ትሞላለች፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ እነሣላታለሁ። ያቺ ራስጌዬ ናት፤ ድምጿ እንቅልፍ ሲነሳኝ ጨርቅ ጣል አደርግባታለሁ። ጥጡ ደግሞ እዚህ ጥግ ነው። እሱን ውሃ ነክቶት አያውቅም።» የመጨረሻውን ሲናገሩ አንገታቸው ቀና አለ።

ቪዲዮው ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ። ቃላቸውን የቀዳሁት ፀሐይ ባለበት ቀን ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የሰው ድምፅ አይሰማምና። ሳፋው ላይ የሚወድቀውን ጠብታ ለመቅዳት ግን ዝናብ በመጣ ቀን ተመለስኩ። ከዚያ ጠብታ በቀር ሙዚቃ የለውም። ሳይወጣ በፊት አሳየኋቸው። «ጓዳዬ ይቅር» አሉኝ። ከሁሉ የወደድኩት ምስል እሱ ነበር፤ ቆረጥኩት። ገበናቸው የእሳቸው ነው።

ገንዘብ ማነሱ ለዚህ ሥራ እንቅፋት አልሆነብኝም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የእኛ ማኅበር ደግሞ ያለ አዋጅም ለውድ ካሜራ የሚተርፍ የላትም። የጭቃ ቤት ብርሃን በበሩ ይገባል፤ ሰውን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ማስቀመጥ ከተገዛ መብራት ይበልጣል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም፤ ስለዚህ ያለችኝን ጥቂት ብር ማይክ ላይ አዋልኩ። ኢንተርኔት በጥቅል ለሚገዛ ሰው ረጅም ቪዲዮ ወጪ ነው፤ ስለዚህ አሳጥራለሁ፣ መጠኑንም እቀንሳለሁ። ስንጠይቅም በደፈናው «እርዱ» አንልም፤ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኪሎ ምስማር፣ የአናጺው የስንት ቀን ክፍያ እንደሚያስፈልግ እንዘረዝራለን። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰውም እዚያው 20 ብር መላክ ይችላል፤ 20 ብሩ የየትኛው ምስማር እንደሆነ ማወቅ መብቱ ነው።

የእንባ ቪዲዮ ቶሎ ብር ያመጣል፤ ይህን በራሴ ሥራ አይቼዋለሁ። ግን አዝኖ የሰጠ ሰው የሚሰጠው ሐዘኑ እንዲለቀው ነው፤ ሰጥቶ ይሄዳል። አክብሮ የሰጠ ተመልሶ ይጠይቃል። የሳፋውን ቪዲዮ ያዩ ሰዎች «እማማ ጣራቸው ተሠራ?» እያሉ ይጽፉልን ነበር፤ ለቀጣዩ ቤት የሰጡትም ከእነሱ መሐል ናቸው።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያይል፣ ለሰጡት ሰዎች የምልከውን ምላሽ ልቀርጽ ሄድኩ። 20 ሰከንድ ነው። አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ባዶው ሳፋ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ እንዝርቱ ይሽከረከራል። እጃቸው ይታያል፤ ፊታቸው አይታይም።

ስልኩን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ፊቴስ?» አሉኝ።

«ከፈለጉ እንቀርጸዋለን፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ።